የየካቲት 1977 እትም

ሐምሌ 3 ቀን 2017፣ እንጅባራ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሳጥኖቹን ከወለል አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። እርጥበት ወረቀትን እንደ እሳት ያጠፋል፤ ቀስ ብሎ ስለሆነ ብቻ አይታወቅም።

የዛሬ ግኝት፦ ወርሃዊ መጽሔት፣ ግንቦት 1968፣ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ገጽ 22 እና 23፣ አርክቴክት ዓለምነው ደምሴ ባሕር ዳር ያሠሩት ሆቴል፣ አራት ፎቶ። አርባ አንደኛዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ፤ ከዚያ ወዲህ እኚህ ሰው የነደፏቸው ቤቶች የወጡባቸውን ጋዜጦችና መጽሔቶች እሰበስባለሁ። ሌላው ጡረተኛ ንብ ያነባል፤ የእኔም እንደዚያ ያለ ነገር ነው፤ ለባለቤቴም የምላት ይህንኑ ነው።

መጽሔቱን ያስቀመጠልኝ ባለሱቁ አብዱልሀፊዝ ነው። አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛ ስኳርና ሳሙና ይጠቀልልበታል። ዓለምነው የሚለውን ስም ሲያይ ለይቶ ያኖርልኛል። «ጋሼ እንየው፣ ስኳሩን ትተው መጠቅለያውን የሚገዙ ደንበኛ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። ሁልጊዜ የሚላት ናት። ሁልጊዜም ያስቀኛል።

ከከተማው አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። አሮጌው ንባብ ቤት ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ የሱቅ ሕንፃ ሊሠራበት ታስቧል። ቤቱ በእውነት የዓለምነው ሥራ ከሆነ ግን በቅርስነት ይመዘገባል፤ አይፈርስም። ይህን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። መጽሔት እንደምሰበስብ ሰምተው ረቡዕ ጠርተውኛል።

ባለቤቴ ውቢት ደብዳቤውን አንብባ፣ «ደስ ይበልህ እንግዲህ፤ ወረቀትህ ሥራ አገኘ» አለችኝ።

ደስ ብሎኛል አልኳት። ከስብስቤ የሚጎድለኝ አንድ እትም ነው፦ «ኑሮና ከተማ» መጽሔት፣ የካቲት 1977። የምፈልገውም ስብስቡ እንዲሟላ ያህል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ 6

ንባብ ቤቱን ዞሬ አየሁት። በ1965 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ ያኔ ከተማውን ሁሉም ቆሰበር ይለው ነበር፣ ሽማግሌው ዛሬም ይለዋል። ዓለምነው ሲሚንቶውን ያስፈሰሱት በጣውላ ፋንታ በተሰነጠቀ ቀርከሃ መካከል ነው። ቀርከሃው ሲነሳ አንጓው ሳይቀር ግድግዳው ላይ ታትሞ ቀረ። ስለዚህ ሰዉ «ቀርከሃ ቤት» ይለዋል፤ አንድም ቀርከሃ የለበትም። ጣሪያው ለዚህ አገር ዝናብ ተብሎ የተሾለ ነው። ውስጡ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ያነባሉ።

በእጄ ዳሰስኩት። እጄን ሳነሳ እርጥብ ነበር።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሀይማኖት፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ንግግሯ የተመጠነ። ከጎኗ አንድ ወፍራም መሐንዲስ።

ይዤ የሄድኳቸውን ስድስት መጽሔቶች አየች፣ አመሰገነች። ከዚያ ከፋይሏ አንድ ፎቶ ኮፒ አውጥታ ገፋ አደረገችልኝ። «ችግራችን ይቺ ናት» አለች።

«ኑሮና ከተማ»፣ ጥር 1977፣ ገጽ 14 እና 15። ፎቶ አንድ፣ የእኛው ንባብ ቤት፤ ከሥሩ «በአውራጃው ሥራ ክፍል የተሠራ»። ፎቶ ሁለት፣ የዳንግላ እህል መጋዘን፤ ከሥሩ «ሌላው የአርክቴክት ዓለምነው ሥራ»።

«እንደዚህ መጽሔት ከሆነ ንባብ ቤቱ የእሳቸው አይደለም» አለች። «ሌላ ንድፍ፣ ውል፣ ፊርማ ብንፈልግ አጣን። ያለን የታተመ ማስረጃ ይኸው ነው።»

የሁለቱ ፎቶ መግለጫ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለ መሐንዲሱ፣ «ግን በ'ሊሆን ይችላል' ቤት አይቆምም።»

ሀይማኖት ጠየቀችኝ፦ «ይህን የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ ብናገኘው ጥሩ ነበር። እርስዎ እዚያ መጽሔት ላይ ሠርተዋል አይደል?»

«ብዙዎቹ አልፈዋል» አልኳት።

ሐሰት አይደለም። ብዙዎቹ አልፈዋል።

ሐምሌ 10

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጥር 1977። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ «ኑሮና ከተማ» ዝግጅት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በዓለምነው ሥራዎች ላይ ስምንት ገጽ አዘጋጀን። የንባብ ቤቱና ለንጽጽር የገባው የዳንግላ መጋዘን ፎቶዎች እኩል መጠን ነበሩ። ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ቦታ ተለዋወጡ። ታትሞ ሲመጣ ስህተቱን ያየሁት እኔ ነኝ። እርማት ጽፌ ለዋና አዘጋጁ ለጋሽ ባንተአምላክ ሰጠሁ፣ ለየካቲት እትም እንዲወጣ። «በማተሚያ ቤት በተፈጠረ ስህተት» ብዬ ጀመርኩት። በሳምንቱ ወደ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። የየካቲቱ እትም አልደረሰኝም። እርማቱ ይውጣ አይውጣ አላውቅም።

ከወጣ፣ ያችን እትም ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሐምሌ 12

አዲስ አበባ ላለ የቀድሞ ባልደረባዬ ደወልኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የ1977ን ጥራዝ ያይልኛል።

ሐምሌ 17፣ ዳንግላ

ያ ፎቶ ኮፒ ከየት እንደመጣ አወቅሁ። በሚኒባስ ዳንግላ ሄጄ መጋዘኑን ለማየት ፈለግሁ። ጥበቃው ይኸነው ይባላል፣ ጎልማሳ ነው። ዕቃ ግምጃው በር ላይ በመስታወት የተከደነ ክፈፍ አሳየኝ። የእኔ ገጽ ነው። ማለቴ የመጽሔቱ ገጽ።

«ጋሼ፣ ይህን መጋዘን ማን እንደሠራው ያውቃሉ?» አለኝ። «ባሕር ዳር ያለውን ሆቴል የሠራው ሰው ነው! ከዩኒቨርሲቲ እየመጡ ፎቶ ያነሱታል። አንዷማ ቆርቆሮውን እያየች 'ትሕትናው ይገርማል' ብላ ሄደች።»

መጋዘኑ አራት ግድግዳና አንድ ቆርቆሮ ነው።

«እኔም ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል» አለ። «መጀመሪያ ተራ መጋዘን ይመስለኝ ነበር። ለካ አላወቅሁበትም።»

ምን ልበለው? ጥሩ አድርገው ይዘውታል አልኩት። ስመለስ መኪናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ድንች ዋጋ ሲከራከሩ ሰማሁ፤ የሰማሁት ብዬ የምጽፈው ይኸው ብቻ ነው፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሐምሌ 26

መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። ኔትወርክ ዛሬ ብቅ አለ፤ የባልደረባዬ መልእክትም አብሮ ገባ። ጥራዙ አለ። ከጥር ቀጥሎ መጋቢት ነው። የየካቲቱ ከመጠረዙ በፊት ጠፍቷል።

ውቢት፣ «አንተ የምትፈልገው ቤቱን ነው ወይስ ወረቀቱን?» አለችኝ።

ያለ ወረቀቱ ቤቱ አይገኝም አልኳት።

«እንግዲህ እንደዚያ ይሁን» ብላ ልብስ ልታስገባ ወጣች።

ነሐሴ 2

ሱባዔ ገብቷል። ጭጋግ። ሁለት አሮጌ ወረቀት ገዢዎች ጠየቅሁ። ምንም። የኮሚቴው ስብሰባ ነሐሴ 20። አሥራ ስምንት ቀን።

ነሐሴ 5

ስለ ሐምሌ 10ሩ ጽሑፍ አንድ እርማት። ፎቶዎቹ «ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ቦታ ተለዋወጡ» ብያለሁ። ፎቶዎች በራሳቸው አይለዋወጡም። ከጀርባቸው ቁጥር በእርሳስ የሚጻፈው ዝግጅት ክፍል ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ቁጥሩን ተከትሎ ነው የሚያስቀምጠው። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አብዱልሀፊዝ ዛሬ ነቃ ያለ ነገር ተናገረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ወረቀት የሚፈልጉት ከሚሸጥበት ነው። ያኔ ግን አባቴ መጽሔት ሲሸጥ ዋናው ገዢው ለመጠቅለያ አልነበረም። ለግድግዳ ነበር።»

እውነቱን ነው። እንዴት እንዳልመጣልኝ! በኛ አገር የጭቃ ግድግዳ ከተመረገ በኋላ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣና መጽሔት ይለጠፍበት ነበር። የእናቴ ቤት እንደዚያ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ከግድግዳ ላይ ነው።

«ግምጃ ቤት ከተማ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ እትዬ በቀለች» አለ። «ባሏ አስተማሪ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ነው ያረፉት። ሳሎናቸው እስካሁን እንደተለጠፈ ነው። ለገበያ ስሄድ እቤቷ ዕቃ አሳድራለሁ። የእርስዎን መጽሔት ዓይነት ያየሁ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል ወይስ አይተሃል?»

«ጋሼ፣ እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ይመስለኛል ብያለሁ።»

ነሐሴ 12፣ ግምጃ ቤት

እትዬ በቀለች ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ስገባ ለምራታቸው በአዊኛ፣ ይህ ሰው ግድግዳ ሊያነብ ነው የመጣው አሏት። እኔም በአዊኛ፣ ከተፈቀደልኝ አልኳቸው። አዊኛዬ ዝጓል፤ ቢሆንም ሳቁ።

አራቱም ግድግዳ ወረቀት ነው። የትራክተር፣ የስፖርት፣ የዘፋኝ ፎቶ። በእጅ ባትሪ መደዳውን ሄድኩበት። ከመስኮቱ በስተግራ፣ በደረት ከፍታ፦ ሁለት ሴቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ሲስቁ። «ኑሮና ከተማ»፣ የካቲት 1977። የሽፋኑን ፎቶ ወደ ድሬዳዋ ከመሄዴ በፊት የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ከሩቅ አወቅሁት።

ቁጭ አልኩ። ወንበር አምጡለት አሉ፤ ወለሉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

ችግሩ ይህ ነው። እርማት የሚወጣው በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ነበር። ግድግዳ የሚለጥፍ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ፎቶውን ወደ ቤት፣ ጽሑፉን ወደ ጭቃ ያደርጋል። አርባ ዓመት የፈለግሁት ሦስት መስመር፣ ካለ፣ ጭቃውን እያየ ነው።

እንዲላጥ ጠየቅኋቸው።

«ወንድሜ፣ ይህን የለጠፈው ባለቤቴ ነው። ሙት ዓመቱ ነሐሴ ሃያ አራት ነው። ዘመድ አዝማድ ይመጣል፤ ካህናት ይመጣሉ። ቤቱን ቀዶ ሰጠችው እንድባል ነው?»

«ከነሐሴ ሃያ በፊት ካልሆነ አይጠቅመኝም፣ እትዬ።»

«የሙት ቀን በአንተ ቀጠሮ አይዞርም።»

ትክክል ናቸው። ከሃያ አራት በኋላ ና አሉኝ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ውቢት ዶሮ ሠራች። መብላት አቃተኝ።

«ምን የሚሉት ሕመም ነው ይኼ?» አለችኝ። ሆዴ ነው አልኳት። ሳህኔን አነሳችና፣ «የጥር ሰባ ሰባቱን መጽሔት ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሳጥኑ ሥር የምታደርገው?» አለችኝ።

ቀጭን ስለሆነ አልኳት። ስምንት ገጽ ተጨምሮበት ከሁሉም ወፍራሙ እሱ ነው።

ነሐሴ 19

አንድ እርማት ይቀራል። «የየካቲቱ እትም አልደረሰኝም» ብያለሁ። ደርሶኛል። ድሬዳዋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጧል። እርማቱ ከሌለ እንደገና መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ካለ ደግሞ ስሜ ይኖርበታል ብዬ ፈራሁ። ሳልከፍተው ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠኋት።

ነገ ስብሰባ አለ። በእጄ ምንም የለም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አጀንዳው ሳይነበብ እጄን አወጣሁ።

«ባለፈው ይህን መግለጫ የጻፈውን ሰው ፈልጋችሁ ነበር። እኔ ነኝ። ፎቶዎቹን ያቀያየርኩ እኔ ነኝ። ንባብ ቤቱ የዓለምነው ነው፤ መጋዘኑ የአውራጃው ነው። በዚያው ሳምንት አውቄያለሁ።»

ሀይማኖት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?» አለ መሐንዲሱ።

«አፈርኩ።»

«በፎቶ?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ። የራሴ ሲሆን አቃተኝ።»

መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ይቀመጡ ጋሼ» አለ። «እኔ ለአንድ ነጋዴ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነድፌ፣ ደረጃ ረስቼ፣ ጣሪያው ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። ሰውዬው እስከ ዛሬ የሚወጣው በውጭ በኩል ነው። በአደባባይ ስንገናኝ 'እንዴት ነህ ደረጃው' ነው የሚለኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ሀይማኖትም ሳቀች፤ ግን ቶሎ ተመለሰች። «ቃልዎን በጽሑፍ ፈርመው ይስጡን፤ ክብደት አለው። ነገር ግን የታተመ ነገር በቃል አይሻርም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ቦታውን የሚፈልጉ አሉ። ሌላ የታተመ ነገር ካለ እስከ ጳጉሜን 3 እንጠብቃለን።»

ፈረምኩ። ስወጣ ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላዬን ረስቼ ግማሽ መንገድ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ለውቢት ሁሉንም ነገርኳት፣ ድሬዳዋንም ጭምር።

«ጡረታ ሳትወጣ ገና በየተከራየንበት ቤት ያን ሳጥን ተሸክመህ ስትዞር፣ ንብ የምታነባ መስሎኝ ነበር?» አለች። «ጥር ሰባ ሰባትን ካነበብኩት ሃያ ዓመት ሆኖኛል። አንተ እስክትናገር ነበር የምጠብቀው።»

ከዚያ የተረፈውን ወጥ አሞቀችልኝ። በላሁ።

ነሐሴ 27፣ ግምጃ ቤት

ሙት ዓመቱ በደህና አለፈ። ውቢት አብራኝ መጣች።

እትዬ በቀለች አንድ ነገር አስቀደሙ፦ በሚላጠው ቦታ ሌላ ፎቶ ይለጠፍ። ያሰብኩበት ነበር፤ ሁለት ቅጂ ያለኝን አንድ መጽሔት ይዤ ሄጃለሁ። ባሕር ዳር ያለው ሆቴል፣ ሙሉ ገጽ፣ ከነቀለሙ።

«ይኼ ሰው የለበትም» አሉ።

«ሕንፃ ነው፣ እትዬ።»

«ሕንፃማ ደጅ ሞልቷል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ከነዚህ ሁለት ሴቶች ጋር ነው የምውለው። ስትወስዳቸው ባዶ ቤት ልታየኝ ነው? የሚስቅ ሰው አምጣ።»

በቦርሳዬ ለማሳየት የያዝኩት የ1970 አንድ እትም ነበር፤ ያለኝ ብቸኛ ቅጂ። ገጽ 9 ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ምርቃት አለ፤ ሰባት ሴቶች በአዲሱ ደረጃ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ አንዷ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። የመጽሔት ጥግ አጥፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። ገጹን ከስፌቱ ላይ ቀደድኩት። ድምፁ ጥርሴን አጠረሰው።

እትዬ በቀለች አዩት። «እሺ። ይቺ ባለ ጥርሷ ደስ ትላለች።»

ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ ቀረበ። የላጠችው ውቢት ናት፤ እኔ ባትሪውን ያዝኩ። የክረምቱ እርጥበት አግዞን ሙጫው ለስልሷል፤ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ድንች ልጣጭ በአንድ ቁራጭ መጣ። ጭቃ ይዞ ነበር። በእርጥብ ጥጥ ጠራረገችውና ወደ መስኮቱ አቀረበችው። «አንተ አንብበው» አለች። መነጽሬ ጉም ለብሶ አልታየኝም። እሷ አነበበች፦

«እርማት። በጥር እትማችን ገጽ 14 የታየው የቆሰበር ንባብ ቤት የአርክቴክት ዓለምነው ደምሴ ሥራ ነው። በገጽ 15 ያለው የዳንግላ መጋዘን የእሳቸው አይደለም። መግለጫዎቹ የተቀያየሩት በእኔ የቁጥጥር ጉድለት ነው። አንባቢያንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዋና አዘጋጁ።»

ሁለት ቃል ጭቃው በልቶታል፤ በግምት ነው ያነበበቻቸው፤ ስሙና ገጹ ግን ደህና ናቸው።

«በማተሚያ ቤት በተፈጠረ ስህተት» የሚለውን ጋሽ ባንተአምላክ ሰርዘውታል። የእኔንም ስም አልጻፉም። አርባ ዓመት ሙሉ ጋሽ ባንተአምላክ ድሬዳዋ የላኩኝ ሊቀጡኝ ነው ስል ኖሬያለሁ። ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ሙጫውን እትዬ በቀለች ራሳቸው አበጁ። ሰባቱ ሴቶች ከመስኮቱ በስተግራ ተለጠፉ። ትንሽ ዘምመዋል፤ አላረምኩም።

ጳጉሜን 3

ንባብ ቤቱ አይፈርስም። አምስቱም ፈርመዋል። ቦታውን የሚፈልጉት ሰዎች ተወካይ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስቶ፣ ገልብጦ፣ ጭቃውን አሽትቶ መለሰ። «ጭቃ ፎርጅድ አይደረግም» አለው መሐንዲሱ።

ለይኸነው ደወልኩለት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። «እና መጋዘኑ የማንም አይደለም?» አለኝ። የአውራጃው ሥራ ክፍል ሰዎች ነው፣ ሃምሳ ዓመትም አላፈሰሰም አልኩት። «እሱስ እውነት ነው፣ አንድም ቀን አላፈሰሰም» አለ። ክፈፉን አያወርደውም። እርማቱን ልኬለት ከጎኑ ያንጠለጥላል።

መስከረም 5 ቀን 2018

ፀሐይ ወጣች። ሳጥኖቹን ደጅ አሰጣኋቸው።

ሀይማኖት የአርክቴክቱን ልጅ ስልክ ቁጥር ሰጥታኝ ነበር፤ ምሥራቅ ትባላለች፣ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ሦስት ቀን አመነታሁ። ዛሬ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ መጥቼ ይቅርታ ባለመጠየቄ አዝናለሁ አልኳት።

«ውይ ጋሼ!» አለች። «አባዬ እኮ ስለ ቤቶቹ የተጻፈ ነገር አያነብም ነበር። ፎቶውን ያይና ይዘጋዋል።»

«ያን እትም አይተውት ይሆን?»

«አይቶታል እንጂ! እኔ ነኝ ያሳየሁት። የራሱን ንባብ ቤት ዘለለና መጋዘኑ ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። በኋላ እናቴን ጠራና ምን እንዳላት ያውቃሉ? 'ይቺ ደግሞ ጥሩ ቀላል ሥራ ናት፤ መቼ ነው የሠራኋት?'»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ውቢት ከጓዳ መጥታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሳቁ አላስወራኝም።